የጌም ስልክ የእጅ ኮንሶልን ይተካል ወይ? ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ ካሉት ሞባይል ቤቶች ገብቶ «ለጌም የሚሆን ስልክ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ጎንደር ላይ ብርቅ አይደለም። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሌላ አለ፦ እንደ ፒኤስፒ ያሉት የእጅ ኮንሶሎች ከገበያ ሲጠፉ ቦታቸውን የሚይዘው ለጌም ተብሎ የተሠራ ስልክ ነው ወይ? ስልክ በጥቅሉ ብዙውን ቦታ ይዟል። «የጌም ስልክ» የሚል መለያ የተለጠፈበት ግን አልያዘም፣ ይይዛል ብለንም አናምንም። ምክንያቱን፣ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅመውንም ዝርዝር፣ ከታች አስቀምጠናል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዶላር የተጻፉት ዋጋዎች ዕቃዎቹ ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ የተቆረጡ ናቸው፤ ጎንደር ላይ የሚሸጡበት ዋጋ ሌላ ነው፣ በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ።

የጌም ስልክ ከሌላው ስልክ በምን ይለያል?

በማቀዝቀዣው፣ በአያያዙና በቻርጅ አደራረጉ። የአሱስ ሮግ ፎን በ2018 ሲወጣ ከታች ካለው የቻርጀር መሰኪያ ሌላ በጎኑ በኩል ተጨማሪ መሰኪያ ነበረው። ስልኩን አግድም ይዘው ሲጫወቱ ከታች የተሰካ ገመድ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ከጎን የተሰካው ግን በሁለቱ እጆች መካከል ቁልቁል ይወርዳል። ቻርጅ ላይ አድርጎ አንድ ሰዓት የተጫወተ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። የስልኩ ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ጆይስቲክ የላይ ቁልፎች የሚሠሩ ንክኪ የሚለዩ ቦታዎች አሉ፤ አውራ ጣት ተጫዋቹን ሲያንቀሳቅስ ጠቋሚ ጣት ይተኩሳል። የኑቢያ ሬድ ማጂክ 3 በ2019 ውስጡ የምትሽከረከር ትንሽ ፋን ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት የወጣው ሮግ ፎን 2 ባትሪው 6000 ኤምኤኤች ነበር።

ፕሮሰሰሩ ግን ያው ነው። እነዚህ ስልኮች ውስጥ ያለው ስናፕድራገን በዚያው ዓመት በወጡ ሌሎች ውድ ስልኮች ውስጥም አለ። የጌም ስልክ ብልጫው ያንኑ ፕሮሰሰር ሳያግል ለረጅም ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ማሠራቱ ነው።

የእጅ ኮንሶል በእርግጥ እየጠፋ ነው?

ኪስ የሚገባው፣ ለጌም ብቻ የተሠራው ዓይነት፣ አዎ። ኒንቴንዶ ዲኤስ ከ2004 ጀምሮ 154 ሚሊዮን ተሸጧል፤ የሶኒ ፒኤስፒ ደግሞ 80 ሚሊዮን ገደማ። ተተኪዎቻቸው በ2011 ሲመጡ ግን ስልክ ቀድሟቸዋል። አፕ ስቶር በ2008 ከተከፈተ በኋላ ሰው ጌምን በ1 ዶላር ወይም በነጻ ማውረድ ለምዶ ነበር። ኒንቴንዶ 3ዲኤስን በ249 ዶላር አውጥቶ ስድስት ወር ሳይሞላው ወደ 169 ዶላር ለማውረድ ተገደደ። እስከ 2020 ድረስ ተመርቶ የተሸጠው 76 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከዲኤስ ግማሹ መሆኑ ነው። የሶኒ ቪታ ከዚያም ከፋ፤ ሶኒ የሽያጩን ቁጥር መናገር አቆመ፣ በ2019 ደግሞ ምርቱን። ቪታ የራሱን ብቻ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል መሆኑና የካርዱ ውድነት ብዙ ገዢ አሽሽቷል።

ሆኖም «ኮንሶል አለቀለት» የሚለው ወሬ እውነት አልሆነም። በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ስዊች 2 በ2025 ተከትሎታል፤ ቫልቭም በ2022 ስቲም ዴክን አምጥቷል። ሁለቱም ኪስ አይገቡም። ስዊች ቤት ሲደርስ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ ስቲም ዴክ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል። ስልክ የወሰደው አጭሩን ጨዋታ ነው፦ ከፒያሳ አዘዞ በታክሲ እስኪደረስ የሚያልቀውን። ተረጋግተው ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚቀመጡበትን ረጅም ጨዋታ አልወሰደም።

ታዲያ ለጌም ተብለው የተሠሩ ስልኮች ገበያውን ለምን አልያዙም?

ሙከራው የቆየ ነው። ኖኪያ በ2003 ኤን-ጌጅን በ299 ዶላር አወጣ። ጌም ለመቀየር የኋላ ክዳኑን መክፈት፣ ባትሪውን ማውጣት፣ ካርዱን መለወጥ፣ ከዚያ ስልኩን እንደገና ማስነሳት ነበረበት ተጫዋቹ። ሲደወልለትም ስልኩን በጠርዙ ጆሮው ላይ አቁሞ ነበር የሚያወራው። ኖኪያ በ2004 ኤን-ጌጅ ኪውዲ ብሎ ቢያስተካክለውም ያመለጠው ገዢ አልተመለሰም። ሶኒ ኤሪክሰን በ2011 ያወጣው ኤክስፔሪያ ፕሌይ ከስክሪኑ ሥር የሚንሸራተት ጆይስቲክ ነበረው፤ ቁልፎቹ ደህና ነበሩ፣ ለቁልፎቹ ታስቦ የሚሠራ ጌም ግን ጠፋ። ሬዘር በ2017 እና በ2018 ሁለት ስልክ አውጥቶ ሦስተኛ አላመጣም።

ዋናው ምክንያት ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። ኒንቴንዶ ኮንሶል ሲሸጥ ዓይኑ ከዚያ በኋላ በሚሸጠው ጌም ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ጌም ድርሻ አለው፤ ዋና ዋናዎቹ የማሪዮና የዜልዳ ጌሞች ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ አይወጡም። የጌም ስልክ አምራች ግን ገንዘብ የሚያገኘው ስልኩ የተሸጠ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ ፐብጂ ሞባይል ውስጥ ለተጫዋቹ ልብስ ቢገዛ ገንዘቡን የጌሙ ባለቤትና የመተግበሪያ መደብሩ ባለቤት ይካፈሉታል፤ ስልክ ሠሪው ከዚያ ሽያጭ ድርሻ የለውም። ስለዚህ «ለእኔ ስልክ ብቻ ጌም ሥሩልኝ» ብሎ የሚከፍልበት ቋሚ ገቢ የለውም።

ጌም ሠሪዎቹም ቢሆኑ አይፈልጉትም። ነጻ ጌም የሚያተርፈው ብዙ ሕዝብ ሲጫወተው ስለሆነ አነስተኛ ራም ባለው ርካሽ ስልክም እንዲሄድ ተደርጎ ይሠራል። ፍሪ ፋየር ይህን ያህል የተስፋፋው አንዱ በዚህ ነው። እናም ውድ የጌም ስልክ የገዛ ሰው የሚያገኘው ጎረቤቱ በርካሽ ስልክ የሚጫወተውን ያንኑ ጌም ነው፤ ጥራቱ የተሻለ ይሆናል እንጂ ሌላ ጌም አይሆንም። ስዊች የገዛ ሰው ግን ስልክ ላይ የሌለ ጌም ያገኛል።

ወደፊትስ?

እንደ ኮንሶል ወራሽ ሳይሆን እንደ መሞከሪያ ሜዳ ይቀጥላሉ ብለን እናስባለን። ሬዘር በ2017 120 ሄርዝ ስክሪን (ምስሉን በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚያድስ) ሲያመጣ እንደ ጉድ ታይቶ ነበር፤ ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች ላይ የተለመደ ነው። ባትሪውን ሳይነካ ስልኩን በቀጥታ ከቻርጀሩ የሚያሠራው ባይፓስ ቻርጅም ከእነዚህ ስልኮች ተነስቶ በ2023 ኢንፊኒክስ ጂቲ 10 ፕሮ ላይ ደርሷል። ኢንፊኒክስ፣ ቴክኖና አይቴል የአንዱ የትራንሽን ምርቶች ስለሆኑ ባሕርዩ በቶሎ ወደ እኛ ገበያ ይወርዳል። በሌላ በኩል ካፕኮም በ2023 ሬዚደንት ኢቪል ቪሌጅን ወደ ስልክ ሲያመጣ የመረጠው አይፎን 15 ፕሮን ነው፤ እሱም የጌም ስልክ ተብሎ የሚሸጥ አይደለም። ትልልቆቹ ጌም ሠሪዎች የሚሄዱት ገዢ ወደበዛበት ነው።

ጎንደር ላይ ለጌም ስልክ ስገዛ ምኑን ልይ?

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን «ጌሚንግ» ትታችሁ ፕሮሰሰሩን፣ እውነተኛ ራሙንና የስቶሬጁን ዓይነት ጠይቁ።

በፕሮሰሰር ስም አትታለሉ። ሄሊዮ ጂ85 እና ሄሊዮ ጂ99 ሲጠሩ ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው በ12 ናኖሜትር፣ ሁለተኛው በ6 ናኖሜትር የተሠራ ነው። ናኖሜትሩ ሲያንስ ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚበላው ኃይል ይቀንሳል፣ ሙቀቱም አብሮ። ጂ85 ቀርፋፋ ከሆነው ኢኤምኤምሲ ስቶሬጅ አያልፍም፤ ጂ99 ፈጣኑን ዩኤፍኤስ 2.2 ይቀበላል። ጌሙ ሲከፈትና ካርታ ሲጭን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ገንዘቡ ካለ ዳይሜንሲቲ 8000 ወይም ስናፕድራገን 7 እና 8 የሚሉትን ተከታታዮች ፈልጉ።

ራም ላይ ያለው ወጥመድ የታወቀ ነው። «16 ጊጋ» የሚለው ብዙ ጊዜ 8 ሲደመር 8 ነው። ሁለተኛው 8 ከስቶሬጁ የተቆረሰ ነው፤ ስቶሬጅ ከራም በጣም ስለሚዘገይ ለጌም የሚፈይደው እዚህ ግባ አይባልም። ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቱና የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ቁጠሩ። ከባድ ጌም ለሚጫወት 8 ጊጋ እውነተኛ ራምና 128 ጊጋ ስቶሬጅ መነሻ ይሁን፤ ገንሺን ኢምፓክት ብቻውን ከ20 ጊጋ በላይ ይወስዳል። ጋይሮስኮፕ መኖሩንም ጠይቁ። ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ ይቀንሱታል፤ ፐብጂ ላይ ስልኩን እያዘነበሉ ማነጣጠር የለመደ ሰው ቤት ከገባ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ይህን አድርጉ። መጀመሪያ *#06# ደውሉና የሚመጣው ቁጥር ከሳጥኑና ከሴቲንጉ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ «ስለ ስልኩ» ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ፤ የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ። እዚያ ውስጥ ፖይንተር ሎኬሽን የሚለውን ስታበሩ ጣት የሚሄድበት ሁሉ በመስመር ይታያል። በአንድ ጣት ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብላችሁ ሰያፍ መስመሮች አስምሩ፤ ከዳር እስከ ዳር ቁልቁልም ደጋግሙ። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ወይም ከዘለለ እዚያ ጋ ታቹ ሞቷል፣ ወይም ስክሪኑ በርካሽ ኮፒ ተቀይሯል። ቀጥሎ አምስት ጣት ባንዴ አሳርፉ፤ አምስት ነጥብ መታየት አለበት፣ አለዚያ እየሮጡ መተኮስ ላይ ያስቸግራል። የተቀየረ ስክሪን 120 ሄርዝ የነበረውን ወደ 60 ሊያወርደው ስለሚችል ሴቲንግ ውስጥ የማደሻ ፍጥነቱን እዩ። በመጨረሻ የምትጫወቱትን ጌም ከፍታችሁ 20 ደቂቃ ተጫወቱ። ሻጩ 20 ደቂቃ ከከለከለ ሌላ ሱቅ አለ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁሉንም ስልክ ያሳምሩታል፤ ችግሩ የሚወጣው ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው።

ስልኬ ሩብ ሰዓት ስጫወት ለምን መንቀርፈፍ ይጀምራል?

ስለሚግል። ከባድ ጌም ላይ ስልክ ከ4 እስከ 6 ዋት ይበላል፤ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ መውጫው ደግሞ የስልኩ ጀርባና ስክሪኑ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በሴኮንድ 60 የነበረው ፍሬም (የሚታየው ምስል ብዛት) 40 እና 35 ይሆናል። ቫይረስ የመሰለው ሰው ስልኩን ፎርማት ያደርገዋል፣ ችግሩ ግን ያው ይቀጥላል።

ኮቨሩን አውልቁ፤ ወፍራም የጎማ ኮቨር ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። የምስል ጥራቱን አንድ ደረጃ አውርዱ፣ ካልበቃም የፍሬም ቁጥሩን ቀንሱ፤ እየጨመረ እየቀነሰ ከሚሄድ 60 ይልቅ ወጥ የሆነ 40 ለእጅ ይመቻል። ብርሃኑን ወደ ግማሽ አውርዱ። ባይፓስ ቻርጅ ከሌለው ቻርጅ እያደረጋችሁ አትጫወቱ፤ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት በላይ የባትሪው ሙቀት ይደረብበታል፣ ባትሪም በሙቀት ነው የሚያረጀው። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ካለ ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ለጥገና ቤት አሳዩት። ፍሪጅ ውስጥ ወይም በረዶ ላይ ማድረግ ደግሞ ስልኩን ከነጭራሹ ሊገድለው ይችላል፤ የሞቀው ስልክ ሲቀዘቅዝ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል። ከጀርባ የሚለጠፈው በኤሌክትሪክ የሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣም በክረምት አየሩ እርጥበት ሲሞላ ተመሳሳይ ጠል ሊያመጣ ስለሚችል ከፍተኛው ደረጃ ላይ አድርጋችሁ አትተዉት።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ በመሆኑ ፋን ያለው ስልክ እዚህ ማስታወቂያው ላይ እንደተባለለት ያህል አይቀዘቅዝም። ደግነቱ የጎንደር አየር ከቆላው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው በጥላ ሥር መጫወት ግድ የሚሆነው። ፋን ያለው ስልክ የአየር ቀዳዳ ስላለው በበጋ አቧራ ይሰበስባል። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በአፍ አትንፉበት፤ ከትንፋሽ ጋር እርጥበት ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ያጫውተኛል?

5000 ኤምኤኤች ባትሪ በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በ5 ዋት ሒሳብ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይሄዳል፤ እንደ ዳማ ያለ ቀላል ጌም ከሆነ እጥፉን። የመጀመሪያው ስዊች ባትሪ 16 ዋት ሰዓት ሲሆን ኒንቴንዶ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ብሎታል። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ 40 ዋት ሰዓት ይዞ ከባድ ጌም ላይ በሁለት ሰዓት ሊያልቅበት ይችላል። በዚህ በኩል ስልክ አያሳፍርም።

20000 ኤምኤኤች ፓወር ባንክ በወረቀት 74 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱ ሲቀየር አንድ ሦስተኛ ያህሉ ስለሚባክን አንድን ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ይሞላል፣ አራት ጊዜ አይሞላም። ሲገዙ ማመዘን ጥሩ ነው፤ 20000 ተብሎ ከ300 ግራም በታች ከሆነ ውስጡ የተባለው ባትሪ የለም። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ቻርጀሩን ነቅላችሁ አምስት ደቂቃ ታገሡ። ተራ ዲቫይደር መከላከያ አይደለም፤ መሰኪያ ከማብዛት ሌላ ሥራ የለውም።

ስልኬ ጥሩ ሆኖ ኦንላይን ለምን ላግ ያደርጋል?

በርቀቱ። ከጎንደር ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ደርሶ መልሱ ብቻ 50 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ጎረቤት አገር ወጥቶ፣ ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ በብዙ ጣቢያ ያልፋል፤ የሞባይሉ አንቴናም የራሱን ይጨምራል። ስለዚህ ፒንግ (የደርሶ መልሱ ጊዜ በሚሊ ሴኮንድ) ከ100 በላይ ማየት የስልክ ብልሽት አይደለም። ውድ የጌም ስልክም ይህን አያሳጥረውም፤ ለዚህ ብለው የሚገዙት ብዙዎች ስለሆኑ ደግመን እንናገራለን፣ አያሳጥረውም።

ማሻሻል የሚቻለው ትንሽ ነው። ፐብጂ ላይ የአውሮፓንና የመካከለኛው ምሥራቅን ሰርቨር እየቀያየራችሁ ፒንጉ የሚያንሰውን ያዙ። ዋይፋይ ካለ 5 ጊጋ ሄርዙን ምረጡ፤ 2.4ቱ ከጎረቤት ዋይፋይና ከብሉቱዝ ጋር ይጋጫል። ጨዋታው ራሱ በሰዓት ከ100 ሜጋ ብዙም አያልፍም፤ ፓኬጅ የሚጨርሰው አፕዴት ነውና ፕሌይ ስቶር ላይ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉት። ጌሙን ከሩቅ ሰርቨር በቪዲዮ የሚያመጣው ክላውድ ጌሚንግ በ10 ሜጋ ቢት ፍጥነት በሰዓት 4.5 ጊጋ ይበላል፤ ለጊዜው እዚህ የሚመከር አይደለም።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ አብዛኞቹ የስልክ ጌሞች ከመግቢያ ገጻቸው አላለፉም። የስዊች ካርድና የፒኤስፒ ዲስክ ግን ኢንተርኔት ሳይጠይቁ ይሠራሉ። ጎንደር ላይ የኮንሶልን ጥቅም ከሚያጎሉ ነገሮች አንዱና ትልቁ ይህ ነው። ስልክ የሚገዛም ሰው ቢያንስ ሁለትና ሦስት ከመስመር ውጭ የሚሠሩ ጌሞች ጭኖ ይያዝ፤ መሥራታቸውን ለማረጋገጥ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ይክፈታቸው።

ጆይስቲክ ከስልክ ጋር ማገናኘት ይቻላል?

ይቻላል፣ ብዙ ሰው የጌም ስልክ ከመግዛት ይህ ይሻለዋል። አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የፒኤስ4 ጆይስቲክ ላይ ሼር የሚለውንና የፒኤስ ቁልፉን አንድ ላይ ተጫኑ፤ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ማለት ስትጀምር ልቀቁ። ስልኩ ብሉቱዝ ላይ ዋየርለስ ኮንትሮለር የሚል ስም ይመጣል፣ እሱን ንኩ። ከጌም ቤት የተዋሳችሁት ከሆነ ስትመልሱ ከፒኤስ4ቱ ጋር በገመድ አንዴ መሰካት እንዳለበት ንገሯቸው፤ አለዚያ አያገናኝም። የፒኤስ3 ጆይስቲክ በብሉቱዝ እንዲህ በቀላሉ አይገናኝም። ኮፒ የሆኑ ጆይስቲኮች ይገናኙና ቁልፎቻቸው ይዘበራረቃሉ፤ ክብ ስትጫኑ ሌላ ይታዘዛል። ስልኩን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ዓይነት በቻርጀር መሰኪያው ስለሚሠራ መዘግየት የለውም፤ ስትገዙ ኮቨራችሁን አውልቃችሁ ልኩን ሞክሩ።

ሁሉም ጌም ግን አይቀበልም። ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል ይቀበላል። ፐብጂ ሞባይል አይቀበልም፤ ጆይስቲኩን ወደ ንክኪ የሚቀይር መተግበሪያ ጭኖ ማታለል አካውንት ሊያሳግድ ይችላል።

ያገለገለ ፒኤስፒ ወይም ስዊች ባገኝስ?

ፒኤስፒ ከሆነ ባትሪውን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሆዱ ከወጣ አብጧል። ዲስክ አንባቢው ከዕድሜ ጋር ይደክማል፣ ስለዚህ ዲስክ ከቶ የሚያሳያችሁ ሰው ይሁን ሻጩ። ስዊች ላይ ደግሞ ሁለቱን ትናንሽ ዱላዎች ሴቲንግ ውስጥ ባለው ማስተካከያ ፈትሹ፤ እጅ ሳይነካቸው ነጥቧ የምትሄድ ከሆነ ዱላው አልቋል፣ ይህ የስዊች የታወቀ ሕመም ነው። ስዊች ከአብዛኞቹ አገሮች የተገዛ ካርድ ይቀበላል። ቻርጀሩ ላይ ኢንፑት የሚለውን አንብቡ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ሰላም ነው፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል የድሮ የአሜሪካ ቻርጀር በእኛ 220 ላይ ይቃጠላል።

በጌም ስልኮች ጌም ቤት ብከፍት ያዋጣል?

አያዋጣም። ሰው ጌም ቤት የሚመጣው አንድ ስክሪን ፊት ከጓደኛው ጋር ኳስ ለመጫወትና ቆሞ ለሚያየው ለማሳየት ነው። ስልክ ቤቱም አለው።

ከውጭ ዘመድ ሮግ ፎን ወይም ሬድ ማጂክ ሊያመጣልኝ ነው፤ ምን ልበለው?

«ግሎባል» የሚባለውን ዓይነት ይግዛ። ለቻይና ገበያ የተሠራው የጎግል አገልግሎት ተሟልቶለት ላይመጣ ይችላል፤ ፕሌይ ስቶር ቢጫንም ማሳወቂያ ዘግይቶ የሚመጣበት ጊዜ አለ። በቴሌኮም ድርጅት ውል የተገዛ ስልክ ከሆነ ለሌላ ሲም የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል አገር ቤት ከመግባቱ በፊት የሌላ ድርጅት ሲም አስገብቶ ይሞክረው። ሶፍትዌር አፕዴት የሚያገኝበትን ዓመትም ይጠይቅ፤ የጌም ስልኮች በዚህ ከሳምሰንግ ውድ ስልኮች ያንሳሉ። ዋናው ግን መለዋወጫ ነው። የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ፣ የቴክኖና የኢንፊኒክስ ስክሪን ከተማችን ካሉ ጥገና ቤቶች ሊገኝ ይችላል፤ የእነዚህን ስክሪን ግን ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ማዘዝ ነው፣ ባትሪውም ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ በትክክል የሞዴሉን ይፈልጋል። ዘመድ ሲመጣ ከስልኩ ጋር አንድ የስክሪን መስታወት መከላከያና የሞዴሉን ጠንካራ ኮቨር ይዞ ይምጣ፤ የጎን መሰኪያ ላለው ስልክ የሚሆን ኮቨር ጎንደር ላይ ማግኘት ይከብዳል፣ ተራውን ኮቨር ቆርጦ ማስተካከል ደግሞ የጎን ንክኪዎቹን ይሸፍናቸዋል።